የመንግሥትን ሥራ ሠርቶ የመንግሥት ሠራተኛ አለመባል፦ ወላይታ፣ ከጭቃ ሹም እስከ ኮንትራት

ወዳጆቼ፣ ጽሑፉ ረዘም ይላል። የቸኮላችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ አንብቡት። በተለይ "ኮንትራት ነኝ" የምትሉ፣ "ጊዜያዊ ነኝ" የምትሉ፣ በሰዓት እየተከፈላችሁ የምታስተምሩ፣ እንዲሁም እነዚህን ሰዎች የምታስተዳድሩ ኃላፊዎች እስከ መጨረሻው ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ለዓመታት የፋይናንስ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያመጡልኛል። "በኮንትራት ይህን ያህል ዓመት ሠርቻለሁ፤ የዓመት ፈቃድ አለኝ ወይ? ወሊድ ላይ ደመወዜ ይቀጥላል ወይ? ጡረታ ይቆረጥልኛል ወይ?" ይላሉ። አጭሩን መልስ መስጠት ይቻላል። ግን አጭሩ መልስ ሰውን አያጠግብም፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "ለምን?" የሚል ነው። ለምን የሚለውን ለመመለስ ደግሞ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው።

በእኛ አገር "ፓርት ታይም የመንግሥት ሠራተኛ" የሚባል ራሱን የቻለ፣ ስም ያለው መደብ የለም። በሌላው ዓለም በሳምንት ግማሹን ሰዓት የሚሠራ፣ ግን ቋሚ የሆነ ሠራተኛ አለ። እኛ ጋ በዚያ ቦታ የቆሙት ጊዜያዊው፣ ኮንትራቱ፣ የቀን ሠራተኛው፣ በክሬዲት ሰዓት የሚከፈለው መምህር፣ በምርጫና በቆጠራ ሰሞን የሚቀጠረው ወጣት ናቸው። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ሥራቸው የመንግሥት ሆኖ ስማቸው ግን በመንግሥት ሠራተኛ ትርጉም ውስጥ አለመግባቱ ነው።

ይህ ነገር ትናንት የመጣ አይደለም። ወላይታ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ደመወዝ የሌለው መንግሥት

ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም ተሸንፈው ወላይታ በምኒልክ መንግሥት ሥር ስትገባ የመጣው አስተዳደር ደመወዝ የሚከፍል አልነበረም። ወታደሩም ሹሙም ኑሮው የተመሠረተው በገባር ላይ ነበር። ገበሬው እህል ይሰጣል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ቤት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል፣ ዕቃ ይሸከማል፣ ለሹሙ ያርሳል። ዛሬ ከግምጃ ቤት የሚከፈለው ደመወዝ ያኔ ከገበሬው ጉልበት በቀጥታ ይከፈል ነበር ማለት ነው።

እስቲ አስቡት፦ የመንግሥትን ሥራ በትከሻው የሚሸከመው ገባሩ ነው። የመንግሥት ሰው የሚባለው ግን ሌላው ነው። ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ በማዕከል ዘመናዊ ቢሮ ተጀመረ፤ ወላይታ ላይ ግን ገባሩ ገባር ሆኖ ቆየ።

ከገባሩና ከሹሙ መሐል ደግሞ ጭቃ ሹም ነበር። ግብር ይሰበስባል፣ ትእዛዝ ያደርሳል፣ ጠብ ያበርዳል፣ ሰው ለሥራ ያስወጣል። የመንግሥት ዓይንና እጅ እሱ ነው። ደመወዝ ግን የለውም። የሚያገኘው ከአንዳንድ ግዴታ ነፃ መሆንና በሰፈሩ መከበር ነው። የቀረውን ቀን እርሻው ላይ ይውላል። በዛሬ ቋንቋ ብንጠራው የመጀመሪያው የትርፍ ሰዓት የመንግሥት አገልጋይ እሱ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

መዝገቡ ተከፈተ

ጣልያን ከወጣ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ቁጥር 1 የጠቅላይ ግዛት፣ የአውራጃና የወረዳ ሹሞችን ከማዕከል የሚሾሙና ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ የሚከፈላቸው አደረጋቸው። የገባር አገልግሎትም በገንዘብ ግብር እየተተካ ሄደ። የመሬት ባለቤትነቱ ሸክም ገና ብዙ ዓመት ይቀጥላል፤ ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ተፈጠረ፦ የደመወዝ መዝገብ። ከዚያ ጀምሮ ጥያቄው "ስምህ መዝገብ ላይ አለ ወይ?" ሆነ።

በ1954 ዓ.ም የማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ በትእዛዝ ቁጥር 23 ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም ደግሞ የመንግሥት አገልግሎት ደንብ ቁጥር 1 ወጣ። ቅጥር በችሎታ፣ ደረጃ፣ የደመወዝ እርከን፣ ፈቃድ፣ ዲሲፕሊን የሚባሉት ነገሮች አንድ ወጥ መልክ የያዙት በዚያ ዘመን ነው። በእነዚያው ዓመታት የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታም በሕግ ተደነገገ፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት 6 በመቶ እያዋጡ ጀመሩ።

ይህ ትልቅ ሥራ ነበር። አባቶቻችን "የመንግሥት ሥራ" ሲሉ በአድናቆት የሚናገሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም እርጅናን ይጦር ነበር። ግን መዝገብ ሲከፈት አጥርም አብሮ ይታጠራል። ውስጥ ያለው ሁሉንም ያገኛል፤ ውጪ ያለው ምንም አያገኝም። ግማሽ መንገድ የሚባል ነገር አልተሠራም። ዛሬ ያለንበት ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ዋዱ

ሶዶ ተወልዶ "ዋዱ" የሚለውን ስም የማያውቅ የለም። ዛሬ የሰፈር ስም ነው። መነሻው ግን የወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት ነው፤ በ1962 ዓ.ም በዓለም ባንክ ብድር የተጀመረ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሶዶ የነበረ ፕሮጀክት። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያድላል፣ የአፈር ጥበቃ ያሠራል፣ ከተጨናነቀው ደጋ ሰው ወስዶ እንደ አበላ ባሉ ቆላ ቦታዎች ያሰፍራል። ጭላሎ ላይ በስዊድን ዕርዳታ ከተጀመረው ካዱ ቀጥሎ የመጣ ነው።

ዋዱን የማነሳው ለትዝታ አይደለም። ዋዱ ወላይታ ላይ አንድ አዲስ ነገር አስተዋወቀ፤ እሱም የፕሮጀክት ሥራ ነው። ፕሮጀክት መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ገንዘቡ ከውጭ ይመጣል፣ ቀነ ገደብ አለው፣ ሲያልቅ ያልቃል። ሥራው ግን አያልቅም። የአፈር ጥበቃው፣ የኤክስቴንሽኑ፣ የዘሩ ሥራ ዋዱ ከተዘጋ በኋላም አስፈላጊ ነበር፣ ዛሬም አስፈላጊ ነው። "ገንዘቡ ጊዜያዊ ስለሆነ ሰውም ጊዜያዊ ይሁን" የሚለው አስተሳሰብ ከፕሮጀክት ጋር መጥቶ በመደበኛው ቢሮ ውስጥም ቤቱን ሠራ።

ዘመቻና ማኅበር

በደርግ ጊዜ የገጠር መሬት ዐዋጅ ቁጥር 31/1967 የገበሬ ማኅበራትን፣ የከተማው ዐዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ ቀበሌዎችን አመጣ። መሬት ለአራሹ መሆኑ ለወላይታ ገበሬ ምን ማለት እንደነበር የነበሩ ሰዎች ይናገራሉ፤ የገባርነት የመጨረሻው ጥላ ያኔ ተነሳ። ግን ማኅበሩን የሚመራው፣ ዳኝነት የሚቀመጠው፣ መሬት የሚደለድለው፣ ጥበቃ የሚያድረው ገበሬ የመንግሥትን ሥራ የሚሠራው ከእርሻው ሰዓት ቀንሶ ነበር። ጭቃ ሹሙ ሄደ፤ የጭቃ ሹሙ ዓይነት አሠራር ግን በሌላ ስም ቀጠለ።

በ1971 ዓ.ም መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ያነበበ ሁሉ አስተማሪ ሆነ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፣ ወላይትኛም አንዱ ነው። ዩኔስኮ ሸልሞታል። እናቶቻችን ስማቸውን የፈረሙት በዚያ ምክንያት ነው። ያስተማሩት ግን በአብዛኛው ያለ ደመወዝ ነው።

ዘመቻን አልነቅፍም። አገር በፈቃደኛ ጉልበትም ይቆማል። የምለው ሌላ ነው፦ መንግሥት ሥራውን ያለ ደመወዝና ያለ ዋስትና በሚሠራ ሰው ማሠራት ሲለምድ፣ ልማዱ ዘመቻው ካለቀ በኋላም አብሮት ይኖራል።

ዞን፣ ወረዳ፣ በጀት

"ወጋጎዳ" በተባለው የመማሪያ መጻሕፍት ጉዳይ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነስቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በ1993 ዓ.ም ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይታ ራሷን የቻለች ዞን ሆነች። ዞን መሆን ማለት መምሪያዎች፣ ጽሕፈት ቤቶች፣ ወረዳዎች፣ መደቦች ማለት ነው። ብዙ የወላይታ ልጅ ሥራ አገኘ። በ1994 ዓ.ም ደግሞ በጀት በብሎክ ግራንት ወደ ወረዳ ወረደ።

እዚህ ላይ ትንሽ የፋይናንስ ሰው ልሁንባችሁ። በመንግሥት የሂሳብ መደብ የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ 6111 ይባላል። የኮንትራት ሠራተኛ ክፍያ 6113 ነው። የቀን ሠራተኛ 6114። የመንግሥት የጡረታ መዋጮ 6131 ነው፣ የመደቡ ሙሉ ስም ደግሞ የቋሚ ሠራተኞች ጡረታ የመንግሥት መዋጮ ነው። አያችሁ? አጥሩ በሂሳብ ኮድ ሳይቀር ተጽፏል። ለ6113 ሰው 6131 ላይ ልጻፍለት ብትሉ የምትጽፉበት ቦታ የለም።

ወረዳ በጀቱ ሲመጣ አብዛኛው ለ6111 ይሄዳል። አዲስ ቋሚ መደብ ለመክፈት መፈቀድ አለበት፣ በጀት መያዝ አለበት፣ ማስታወቂያ መውጣት አለበት። ኃላፊው ግን ቢሮው ዛሬ መጠረግ አለበት፣ በሩ ዛሬ ማታ መጠበቅ አለበት፣ ዳታው ዛሬ መግባት አለበት። ስለዚህ ምን ያደርጋል? በኮንትራት ይቀጥራል። ክፋት ኖሮት ላይሆን ይችላል። መንገዱ ቀላል ስለሆነ ነው።

የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል። ኮንትራቱም አብሮ ያልቃል። ሐምሌ 1 አዲስ ዓመት ይጀምራል፤ በጀት እስኪጸድቅ፣ እስኪለቀቅ፣ ደብዳቤ እስኪጻፍ ሐምሌ ያልፋል፣ አንዳንዴም ነሐሴ ይደገማል። ሰውየው ግን "ትታደሳለህ" ስለተባለ ይመጣል፣ ይሠራል። ከዚያ መስከረም ይገባል። ጊፋታ ደረሰ። ወላይታ ላይ ጊፋታ ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ምን ማለት እንደሆነ ለወላይታ ሰው አላስረዳም። ባልተፈረመ ኮንትራት ጊፋታን የሚጠብቅ አባወራ ምን ዓይነት ፊት ይዞ ልጆቹ ፊት እንደሚቀመጥ እናንተው አስቡት።

እኔ ፔሮል በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት አንዲት የፅዳት ሠራተኛ እናት ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፣ መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም። ኮንትራታቸው በየዓመቱ እየታደሰ ከአሥር ዓመት በላይ ሠሩ። ጠዋት ከሁላችንም ቀድመው ይገባሉ። አንድ ዓመት ጉልበታቸውን አመማቸውና ሐምሌ ላይ ሳይታደስላቸው ቀረ። ማንም አላባረራቸውም። የስንብት ደብዳቤ አልተጻፈም፣ ምክንያቱም የሚሰናበት ቋሚ ሠራተኛ የለም። "ጊዜው አለቀ" ብቻ ነው። ሥራው ግን አላለቀም፤ በሳምንቱ ሌላ ሰው ያንኑ መጥረጊያ ያዘ።

ሕጉ ምን ይላል?

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዐዋጆችን ተከታትዬ አንብቤያለሁ፤ 262/1994፣ 515/1999፣ 1064/2010። በ2017 ዓ.ም ደግሞ አዲሱ 1353/2017 መጥቷል። በ515 እና በ1064 አገባብ "የመንግሥት ሠራተኛ" ማለት በቋሚነት የተቀጠረ ሰው ነው። "ጊዜያዊ ሠራተኛ" ደግሞ ለብቻው ተተርጉሟል፤ ዘላቂነት በሌለው ሥራ ላይ፣ ወይም ሁኔታ ሲያስገድድ በቋሚ መደብ ላይ ለጊዜው የሚቀጠር ማለት ነው። ክልሎች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 መሠረት የራሳቸውን የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ያወጣሉ።

ችግሩ ይህ ነው። ለቋሚው ሠራተኛ ዐዋጁ በዝርዝር ይናገራል፦ የዓመት ፈቃድ ከ20 የሥራ ቀን ጀምሮ በየዓመቱ እየጨመረ እስከ 30፣ የወሊድ ፈቃድ በ1064 መሠረት ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ በሳምንት ከ39 ያልበለጠ መደበኛ የሥራ ሰዓት፣ ከስንብት በፊት ሥነ ሥርዓት፣ ቅሬታ የሚሰማ አካል። ያው ዝርዝር ለጊዜያዊው አልተጻፈም። እሱ ወደ መመሪያና ወደ ኮንትራቱ ወረቀት ይላካል። ወረቀቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ነው፤ ስም፣ መደብ፣ የወር ክፍያ፣ የሚያልቅበት ቀን። በቃ።

"ታዲያ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ሕግ ልሂድ" ቢል፣ ዐዋጅ 1156/2011 የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጪ ያደርጋል። ያ ሕግ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ምን እንደሚል ግን ስሙ፦ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው። በድንገት በተለቀቀ ቋሚ መደብ ላይ በጊዜያዊነት ማሠራት የሚቻለው ከ45 ተከታታይ ቀን ላልበለጠ ጊዜ፣ ለዚያውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መንግሥት የግል ባለሀብቱን "ሰውን በጊዜያዊ ስም አታንከራት" ብሎ ከልክሏል። ይህንን ለባለሀብቱ ያወጣ መንግሥት ራሱን ለምን በዚያ ሚዛን አይለካም?

ጡረታው ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ2003 ዓ.ም ሁለት ዐዋጆች አብረው ወጡ። 714/2003 ለመንግሥት ሠራተኛ፣ 715/2003 ለግል ድርጅት ሠራተኛ። የመንግሥቱ የሚሸፍነው በቋሚነት የተቀጠረውን ነው። የግሉ ግን ለተወሰነም ላልተወሰነም ጊዜ ይሁን፣ ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ የተቀጠረን ሠራተኛ ያቅፋል። በ2014 ዓ.ም በ1267 እና በ1268 ሲተኩም የመንግሥቱና የግሉ ለየብቻ ሆነው ቀጥለዋል። ትርጉሙ ምንድን ነው? ሶዶ ላይ ባለ አንድ የግል ዱቄት ፋብሪካ ለስድስት ወር በኮንትራት የተቀጠረ ልጅ ጡረታ ሊቆረጥለት ይገባል። ከፋብሪካው ማዶ ባለው የመንግሥት ቢሮ ስድስት ዓመት በኮንትራት የሠራው ወንድሙ ግን የለውም።

የገቢ ግብር ሕጉን ደግሞ ክፈቱ፤ 979/2008 ነው። "ተቀጣሪ" ብሎ ሲተረጉም ቋሚም ሆነ ጊዜያዊ ይላል። ግብር ሲቆረጥ ሁለቱም እኩል ተቀጣሪ ናቸው። ጡረታ ሲመጣ አንዱ ብቻ ነው። ፔሮል ላይ ስቀመጥ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነበር፦ የግብር ዓምዱ ይሞላል፣ የጡረታ ዓምዱ ባዶ ይወርዳል።

በብር ሲሰላ

ነገሩ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ እንቁጠረው። የጡረታ መዋጮ ዛሬ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ድምሩ 18 በመቶ ነው። ለምሳሌ በወር 4,000 ብር የሚከፈለው ሰው እንውሰድ። 18 በመቶው 720 ብር ነው። በዓመት 8,640። በ12 ዓመት 103,680 ብር። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው ካለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ፣ ከአሥር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይታሰብለታል። ለ12 ዓመት 32.5 በመቶ ማለት ነው፤ ከ4,000 ብር 1,300 ብር። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። አዎ ትንሽ ነው። ግን በየወሩ ይመጣል፣ እስከ ዕለተ ሞት ይመጣል፣ ከሞት በኋላም ለትዳር ጓደኛና ለልጅ ይተርፋል። ለኮንትራቷ እናት የቀረው ይሄ ነው። እሷን የሚጦራት ልጅ ካለ ልጅ፣ ከሌለ ዕድር ነው።

አጥሩ የተከፈተበት ጊዜም አለ

ታሪኩ ጨለማ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር መንግሥት አንድ ትልቅ ምርጫ አደረገ። ለየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያ አሠልጥኖ በደመወዝ ቀጠረ። ያንን ሥራ በበጎ ፈቃደኛ ብቻ ማሠራት ይችል ነበር፤ ብዙ አገር እንደዚያ ያደርጋል። እነዚያ ልጆች ደመወዝ ስላላቸው ቆዩ፣ ስለቆዩ ሥራው ሥር ያዘ። ከሥራቸው የተደራጀው የሴቶች ልማት ሠራዊት ግን ያለ ክፍያ ነው። በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ዓይነት ሥራ ውስጥ፣ አጥሩ የት ላይ እንደተሰመረ ማየት የፈለገ እዚያ ይመልከት።

ሌላም አለ። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ሴፍቲኔት ወላይታ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ደግፏል። የማኅበረሰብ ሥራ ላይ የሚወጣ ሰው በወር አምስት ቀን ይሠራል፤ መንገድ ይሠራል፣ እርከን ያበጃል። ቅጥር አይባልም፣ ግን የመንግሥትን ሥራ በከፊል ጊዜ መሥራት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ታዲያ በአራተኛው ዙር መመሪያ ነፍሰ ጡሯ ሴት ከጉልበት ሥራ ወጥታ፣ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ያለ ሥራ ድጋፉን እንድታገኝ ተደረገ። በወር አምስት ቀን ለምትሠራ ሴት የወሊድ ዕረፍት መስጠት ተችሏል! ስለዚህ "ለጊዜያዊ ሰው እንዲህ ማድረግ አይቻልም" የሚለኝ ሰው ካለ ወረዳው ላይ ያለውን የሴፍቲኔት መዝገብ ገልጦ ይይ።

ውጭውንም ስናይ መንገዱ ያልተሞከረ አይደለም። አሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. ለፌዴራል መንግሥት የትርፍ ጊዜ ሠራተኞች ሕግ አወጣች። በሳምንት ከ16 እስከ 32 ሰዓት የሚሠራው ቋሚ ሆኖ ይቀጠራል፤ መንግሥት ለጤና መድኑ የሚከፍለው ድርሻም በሰዓቱ ልክ ይሰላል። የዓለም ሥራ ድርጅት ደግሞ በ1994 እ.ኤ.አ. ስምምነት ቁጥር 175 አጽድቋል። መርሁ ቀላል ነው፦ ግማሽ ሰዓት የሠራ ግማሽ ያግኝ፤ ዜሮ አይደለም። ኢትዮጵያ ይህንን ስምምነት ካጸደቁት ውስጥ የለችም። መርሁ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደቦ የወጣ ሰው ግማሽ ቀን ቢሠራም ምሳ ይበላል።

ዛሬ ሶዶ

በ2015 ዓ.ም ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ወላይታ ላይ ሰኔ 12 ተደገመ። ነሐሴ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፣ ሶዶም የፖለቲካ መቀመጫው ሆነች። ከአርባ ምንጭ፣ ከዲላ፣ ከሳውላ፣ ከጂንካና ከካራት ጋር ቢሮዎችን ተከፋፈለች። አዲስ ቢሮ ሲከፈት ጥበቃ፣ ፅዳት፣ ሾፌር፣ ዳታ ኢንኮደር ያስፈልገዋል። ከከተማው ከፍ ብሎ ደግሞ በ1999 ዓ.ም የተመሠረተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ አለ። እንደማንኛውም ዩኒቨርሲቲ የማታና የቅዳሜ እሑድ ትምህርት በክሬዲት ሰዓት በሚከፈል መምህር ይታገዛል።

በዚሁ ጊዜ፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም፣ በወላይታ የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ለወራት መዘግየት በየሚዲያው ሲነገር ከርሟል። ቋሚው ሠራተኛ ቢያንስ ማኅበር አለው፣ ድምፅ አለው፣ "ያልተከፈለኝ ደመወዝ አለ" የሚልበት መዝገብ አለው። በዚያ ሰሞን ኮንትራቱ ምን ሆኖ እንደከረመ የዘገበ ግን አላየሁም። ደመወዝ ማሻሻያ ሲታወጅም እንዲሁ ነው። በ2017 ዓ.ም የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲያድግ፣ በ2018 ዓ.ም ወደ 6,000 ሲወጣ፣ ቢሮው ሁሉ እልል ይላል። ኮንትራቱ ከኋላ ቆሞ "እኛንስ ይመለከታል?" ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን መጠየቁ ራሱ ያሳዝናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

እኔ ሕግ አውጪ አይደለሁም። ከፔሮል ጀርባ ሆኜ ያየሁትንና ከታሪኩ የተማርኩትን ነው የምለው።

1. ሥራው ቋሚ ከሆነ መደቡም ቋሚ ይሁን። አንድ ሰው ያንኑ ሥራ ለሦስተኛ ዓመት እየሠራ ከሆነ ሥራው ጊዜያዊ ነው ማለት አያስኬድም።

2. እውነትም ጊዜያዊ የሆነውን ሥራ በሠራው ልክ ይታሰብለት። ግማሽ ዓመት የሠራ የግማሽ ዓመት ፈቃድ ያግኝ። የወለደች ትረፍ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ስለ ዕረፍት፣ ስለ ደመወዝ ያለው ፈቃድና ስለ ጤናማ የሥራ ቦታ ሲናገር "ሠራተኞች" ነው ያለው፤ ቋሚና ጊዜያዊ ብሎ አልለየም።

3. የጡረታው አጥር ይከፈት። ለግል ድርጅት ኮንትራት የሚሠራው ሕግ ለመንግሥቱ ኮንትራት የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። 6131 ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው።

4. የሐምሌው ክፍተት ይዘጋ። ኮንትራቱ የሚታደስ ከሆነ ሰኔ ላይ ይታወቅ። የማይታደስ ከሆነም ሰኔ ላይ ይነገር። ሰውን ሁለት ወር በ"ትታደሳለህ" ማሠራት ከገባር ዘመን ብዙም አልራቀም።

ኮንትራት ለሆናችሁ ደግሞ ምክሬ ይህ ነው። ኮንትራታችሁን ሳትፈርሙ አንብቡ፤ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ወሊድ ምንም ካላለ ከመፈረማችሁ በፊት በትሕትና ጠይቁ። ቅጂውን ያዙ። በየዓመቱ የታደሰበትን ደብዳቤ አትጣሉ። ሥራ ስትለቁ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሳትወስዱ አትውጡ፤ ቀኑም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆራረጥ መጻፉን አረጋግጡ። ያልታደሰ ኮንትራት ላይ እየሠራችሁ ከሆነ የሰዓት ፊርማችሁን አትዝለሉ፤ ነገ "አልሠራህም" ቢባል የሚናገርላችሁ እሱ ነው። መብታችሁ ሲነካም መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተጠየቀ በቃል ይረሳል።

ለኃላፊዎች ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ዐዋጁን የመቀየር ሥልጣን ላይኖራችሁ ይችላል። የኮንትራቱን ወረቀት የምታዘጋጁት ግን እናንተ ናችሁ። ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ወረቀቱ እንዲናገር ማድረግ በእጃችሁ ነው።

ከገባሩ እስከ ጭቃ ሹሙ፣ ከዘመቻው አስተማሪ እስከ ኮንትራቷ እናት፣ ወላይታን የሠራት የመዝገቡ ሰው ብቻ አይደለም። በ1934 መዝገቡ ተከፈተ፣ በ1950ዎቹ ጡረታ መጣ፣ በ1990ዎቹ የጤና ኤክስቴንሽኗ ገባች። እያንዳንዱ ጊዜ ከዚያ በፊት "አይቻልም" ይባል ነበር። ስለዚህ የቀረውም ይቻላል።

በኮንትራት የሠራችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁ እንደዚያ ሆነው የሠሩ፣ ከታች ጻፉ። መሥሪያ ቤትም ሰውም ሳትጠሩ፣ ስንት ዓመት እንደሆነና ምን እንዳገኛችሁ ብቻ። ሌላው ሰው አንብቦ የሚጠይቀውን ይወቅ። ሼር ማድረግም አትርሱ፤ ኮንትራቱን ለሚያዘጋጀው ሰው ይድረስ።